ሽምግልና በቤቾ ሜዳ

እኛ ጉለሌ የምንኖር ሰዎች መንገድ ስንጠቁም ሁለት አቅጣጫ ይበቃናል፤ ወደ ላይና ወደ ታች። ወደ ላይ እንጦጦ ነው፣ ወደ ታች ከተማው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ሜዳ የሚባለውን ነገር ሰሌዳ ላይ በአግድም መስመር ስስለው ኖርኩ እንጂ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ሄጄበት አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥቅምት መግቢያ ላይ ግን ሄድኩበት። አብዛኞቻችሁ በክረምት ማግስት ቤቾ ሜዳን በእግር የማቋረጥ ጉዳይ እንደማይገጥማችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የሄድነው ለሽምግልና ነው። ቁስቋም ጎረቤቴ የሆነው ሳምሶን የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ጎልማሳ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ሌሊሴ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ደቻሳ ቤቾ ሜዳ መሃል የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እንደ ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበረበትና ሦስት ሰው ተመረጠ። ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ወርቅነህ ሆኑ፤ ሰባ ያለፉ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፣ እድራችንን ለብዙ ዓመት የመሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የሳምሶን አጎት አቶ ተሾመ፣ ሦስተኛው እኔ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ሳምሶን የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ሶልያና ትባላለች። እናቷ ሳይጋቡ ወልዳ፣ ዓረብ አገር ሄዳ እዚያው ባል አግብታ ቀረች። የሚያሳድጋት እሱ ነው። ሌሊሴ ታውቃለች፤ እንዲያውም ሕፃኗ ስታያት ከእጇ አትወርድም። የሌሊሴ አባት ይወቁ አይወቁ ግን ከእኛ ወገን የሚያውቅ አልነበረም። የሳምሶን እናት ወይዘሮ አስቴር ከመሄዳችን በፊት ሦስታችንን ቤታቸው ጠርተው፣ «መጀመሪያ እሺ ይበሉ፤ የልጅቷ ነገር ቀስ ተብሎ ይነገራል። ወልዷል ብለው እንዳይመልሱብኝ፤ እባካችሁ» ብለው አለቀሱ። ጋሽ ወርቅነህ፣ «አይዞሽ፣ አይነሣም» አሏቸው። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ሽምግልና ላይ ዋናው ሰው ይናገራል፤ የቀረነው አንገታችንን እየነቀነቅን እናጅባለን። ዋናውን በሰው ቤት ማስተባበል ከነውርም ነውር ነው። «ተቀመጡ» እስክንባልም ቆመን ነው የምንለምነው፤ እህል ውሃ አንቀምስም። ይህን የምነግራችሁ ኋላ የሆነው እንዲገባችሁ ነው።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ከቁስቋም ቁልቁል ወርደን፣ ሁለት ሚኒባስ ቀይረን አየር ጤና ደረስን። ከዚያ ወደ ጅማ መስመር የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያዝን። ጋሽ ወርቅነህ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ጥቁር ጫማቸውን መልክ እስኪያሳይ አስጠርገው ነበር። «ሽማግሌ ሲታይ ሽማግሌ መምሰል አለበት» አሉኝ የእኔን ጃኬት እያዩ።

ከቱሉ ቦሎ ወዲህ ባለች አንዲት የአስፋልት ዳር ከተማ ወረድን። አቶ ተሾመ ከመኪናው ሲወርዱ የረገጡት ኩሬ ከመሰላቸው በላይ ጥልቅ ሆኖ ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። መኝታ የያዝንበት ቤት እስክንደርስ እግራቸው እንደ ዳቦ ነፍቷል። ባለቤቷ ወፍራም ድምፅ ያላት ደግ ሴት ነበረች፤ ሙቅ ውሃና ጨው በሳፋ አመጣችላቸው።

«ነገ ወደ አቶ ደቻሳ ቤት የሚሄድ መኪና በስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። «የምን መኪና? መንገዱን ውሃ ከወሰደው ሦስት ሳምንት አለፈው። መብራትም የለም። ደቻሳ ጋ ነው የምትሄዱት? በእግር ነው እንግዲህ።»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«እኛን አራት ሰዓት።» ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እናንተን እንጃ።»

ቀጠሮው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አቶ ደቻሳ ጋ ደውለን ልናስተላልፍ ብንሞክር ስልካቸው አይሠራም፤ መብራት ከሌለ በምን ይሞላል። ቀጠሮ ሰጥተው ዘመድ ሰብስበው የሚጠብቁ ሰው ደጅ አለመድረስ ደግሞ ልጅቷን አንፈልግም ከማለት አይተናነስም። ስለዚህ አቶ ተሾመ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ እንደነከሩ እዚያው ሊቀሩ፣ እኔና ጋሽ ወርቅነህ ልንሄድ ተስማማን። ሦስት የነበረው ሽማግሌ ሁለት ሆነ።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ባለቤቷ ዳቦና ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቋጥራልን በር ላይ ቆማ አመለከተችን። «ያ ባሕር ዛፍ ይታያችኋል? ሦስቱ? የደቻሳ ቤት እሱ ሥር ነው። ከፍ ከፍ ያለውን ግድብ ተከተሉ፤ የከብት ዱካ ያለበትን። ሰው ካገኛችሁ ጠይቁ። ካላገኛችሁ ቁሙና ጠብቁ።»

ዛፎቹ ይታያሉ። የቆርቆሮ ጣሪያም ከሥራቸው ብልጭ ይላል። በጉለሌ ዓይን ስለካው ከቁስቋም ሽሮ ሜዳ ያህል መሰለኝ። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ለቁርስ እንደርሳለን» አልኩ። እኛ ዘንድ የሚታይ ነገር ቅርብ ነው፤ ሩቅ የሆነው ከጋራው ጀርባ ስለሚሸሸግ አይታይም። እዚህ የሚሸሽግ ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ሄደን ቀና ስል ዛፎቹ ያው ናቸው። አልጨመሩም አልቀነሱም። ወደ ኋላ ስዞር የተነሣንባት ከተማ አልራቀችም። ሰው ሽቅብ ሲወጣ ቢያንስ የደከመበትን ያያል፤ እዚህ ግን የለፋሁበት የት እንደገባ ጠፋኝ።

አፈሩ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ የሚሳብ። አንድ እግር ስታወጣ ሌላው ይገባል። ከግድቡ ግራና ቀኝ ውሃው እስከ ዓይን መድረሻ ተኝቷል። ጥልቅ አይደለም፣ ግን አይንቀሳቀስም። ውሃው በሸሸበት ቦታ ጓያና ሽምብራ ሊዘሩ ያረሱት ይታያል። ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ያየናል፤ ይብራዎች ተነሥተው ትንሽ ራቅ ብለው ያርፋሉ። ቄጠማው ወገብ ይደርሳል። ለበዓል ከሽሮ ሜዳ ገበያ በእስር እየገዛን ሳሎን የምንጎዘጉዘው ነው። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ዘለላ ቆርጠው፣ «እስቲ ይህን ሁሉ ይዤ ብወርድ አዲስ ዓመትን ብቻዬን አስተናግድ ነበር» አሉ። እስከዚህ ድረስ ደስተኞች ነበርን።

ከዚያ ግድቡ ሁለት ሆነ። አንዱ ወደ ዛፎቹ ቀና ያለ ይመስላል፤ ግን መሃሉ ተሸርሽሯል። ሌላው ደህና ነው፤ ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። ሰው የለም። ጋሽ ወርቅነህ፣ «ቁሙ ተብለናል፣ እንቁም» አሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት አልፏል። ያኔ ነው የመምህርነቴ ትዕቢት የተነሣው።

በተሸረሸረው ግድብ ሥር አንዲት ቀጭን ቦይ ነበረች። ውሃዋ ቀስ ብሎ ወደ ዛፎቹ አቅጣጫ ይሄዳል። እኛ ሰፈር መንገድ የጠፋው ሰው ወንዝ ይከተላል፤ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቁልቁል ደግሞ ድልድይና አስፋልት አለ። እንጦጦ ጫካ ገብቶ የጠፋ ሁሉ የሚመለሰው እንዲህ ነው። «ውሃውን እንከተል» አልኩ። «ውሃ ሰው ወዳለበት ይወስዳል።»

«አንተ ጴንጤ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። እኔና እሳቸው በሃይማኖት እንዲህ እየተቀላለድን አርባ ዓመት ኖረናል።

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

ተከተልነው። ሜዳ ላይ ግን ውሃ የሚሄደው መሄጃ ስላለው አይደለም፤ የሚተኛበት ስለሚፈልግ ነው። ይህን ማንኛውም የቤቾ ልጅ ያውቀዋል። ቦይዋ ሰፋች፣ ዳሯ ጠፋ፣ ከዚያ ቄጠማ ውስጥ ገባችና አለቀች። እኛም ከሷ ጋር ገባን። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት። ልንመለስ ስንዞር የመጣንበት ዱካ ውሃ ሞልቶት የለም። ጋሽ ወርቅነህ አንድ እግራቸውን ሲያወጡ ያ አስጠርገውት የነበረው ጥቁር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሁለታችንም እጃችንን እስከ ክንዳችን ሰደን ፈለግነው፤ አጣነው። ባቴ ላይ አልቅት ተጣብቆ አየሁና እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። የቄጠማ ጉብታ ላይ ተቀምጠን ዳቧችንን በላን። ጋሽ ወርቅነህ የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ዳቦው ቅቤ እንዳልነካው ጠዋት ባለቤቷን ጠይቀው ነበር። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሳምሶንን ሠርግ በእጄ ያጠፋሁት መሰለኝ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው ጮኸ። ረጅም ዘንግ የያዘ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ የጠቀለለ፣ የላስቲክ ካፖርት የለበሰ ስልሳ የሚጠጋ ሰው ከቄጠማው ወጣ።

«ማነው እዚያ? እናንተ! አትንቀሳቀሱ!» ዘንጉን እየሰደደ መሬቱን እየመዘነ መጣ። አየንና ፈገግታውን ዋጠ። «የት ልትሄዱ ነው በዚህ?»

«አቶ ደቻሳ ቤት» አልኩ።

የጋሽ ወርቅነህን ባዶ እግር አየ። «አውቀዋለሁ። ኑ፣ ተከተሉኝ። ዘንጉን ያዙ።»

እሱ ከፊት፣ እኔ የዘንጉን ጫፍ ይዤ ከኋላው፣ ጋሽ ወርቅነህ በአንድ ጫማቸው ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነን ሄድን። ሰውየው እግሩን ሲያሳርፍ አይቼ እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ስደክም ሳልጠይቀው ይቆማል። አልቅቱን በቢላዋ ጫፍ ፈቅፍቆ ጣለልኝ።

«ለሽምግልና ነው አይደል? ሰምተናል» አለ እየሄድን። «ልጁን ያውቁታል?»

«ተማሪዬ ነበር።»

«እንዴት ያለ ነው?»

ለዚህ መልስ ተዘጋጅቻለሁ፤ የታወቀ ንግግር አለ። ጨዋ ነው፣ የሰው ልጅ ነው፣ ሠርቶ የሚበላ ነው ይባላል። ግን ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ የዋለ ነገር ነበር። እንግዳ ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ ነገ አላየውም። «ጥሩ ልጅ ነው» አልኩት። «ቁጣ አለችበት፤ በሩን ሰው ካበላሸበት ይጮኻል። ግን የያዘውን አይጥልም። ሴት ልጅ አለችው፣ አራት ዓመቷ። እናቷ ጥላት ሄደች። እሱ ጠዋት ጠጉሯን ራሱ ጎንጉኖ ነው መዋያ የሚያደርሳት። ጉንጉኑ አያምርም፤ ግን ይጎነጉናል።»

ሰውየው አልቆመም። «አባትየው ይህን ያውቃሉ?»

«አናውቅም። ዛሬ አይነሣም ተብሏል። እናቱ ለምነውናል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ...» አልኩና እግሬን ከጭቃው ነቀልኩ።

«እዚህ ጋ እግርዎን ሰፋ ያድርጉ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ አልጠየቀኝም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዛፎቹ ሥር ደረስን። ቤቱ ከፍ ባለ የአፈር መደብ ላይ ነው የተሠራው፤ ግቢው ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰውየው፣ «ትንሽ ቆዩ» ብሎን ገባ። አንዲት ሴት ወጥታ እግራችንን ታጠቡ አለችን። ጋሽ ወርቅነህ እግራቸውን ታጠቡ፣ ውሃ አልጠጡም። «ወግ ነው፣ እህቴ» አሏት። በባዶ እግራቸው ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያንጊዜ ሽማግሌ መሰሉ፤ ከጫማው ጋር ከነበሩት የበለጠ።

ስንገባ ያ ሰው ታጥቦ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከመሃል ተቀምጧል። ሁለት ሽማግሌዎች በቀኝና በግራው አሉ። አቶ ደቻሳ እሳቸው ነበሩ። ሰዓቱ ሲቃረብ ብቅ ስላላልን ጠፍተው ይሆናል ብለው ሊፈልጉን ወጥተው ነበር ያገኙን። ጋሽ ወርቅነህ መንገድ ላይ ያወራነውን አልሰሙም፤ ሰውየውን ሲያዩ ገረማቸው እንጂ አልደነገጡም። ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ልጁ ዘር፣ ስለ እጁ ሥራ፣ ስለ ጨዋነቱ፣ ቆንጆ አድርገው ተናገሩ። እኔ አንገቴን መነቅነቅ አቃተኝ።

አቶ ደቻሳ ሰምተው ሲጨርሱ እኔን ሳያዩ ጠየቁ። «ስለዚህ ልጅ ያልነገራችሁን ነገር አለ?»

«የለም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ምንም የለም።»

ሁለት ነገር ታየኝ። ዝም ካልኩ እኚህ ሰው ሁለት ፊት ያለን ሰዎች መሆናችንን ያውቃሉ፤ ሳምሶንም አለቀለት። ከተናገርኩ የአርባ ዓመት ጎረቤቴን በሰው ቤት አዋርዳለሁ፤ ለወይዘሮ አስቴርም ቃሌን በላሁ።

«አለ» አልኩ። «ሴት ልጅ አለችው። አራት ዓመቷ ነው።»

ጋሽ ወርቅነህ ዞረው አዩኝ። እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አቶ ደቻሳ መለሱ። «እውነቱን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። የልጁ እናት አልቅሳብኝ ነው እንጂ እሱስ አልደበቀም። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ልጁ በኔ እንዳይፈረድበት።»

አቶ ደቻሳ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሌሊሴ ለእንቁጣጣሽ መጥታ ነግራኛለች» አሉ። «ልጅ ያለው ሰው ነው፣ ልጅቷን እወዳታለሁ፣ አለችኝ። እኔ ስጠብቅ የነበረው ከእናንተ ነው። እኚህ መምህር ረግረጉ ውስጥ ነግረውኛል። እዚህ ቤቴ ገብተው ቢክዱኝ ኖሮ ነገ አሻግሬ እሸኛችሁና ያበቃ ነበር።» በቀኝና በግራ ያሉትን ሁለቱን አዩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። «በሉ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። እኔ በቅቤ የራሰ ገንፎ በላሁ። ጾም መሆኑን የሰሙት የአቶ ደቻሳ ባለቤት ለጋሽ ወርቅነህ ብቻ ድጋሚ ምድጃ ላይ ቆመው በዘይት ሌላ ገንፎ አገነፉ። ጋሽ ወርቅነህ ሳያናግሩኝ በሉ። ሲጨርሱ ጎናቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ «ውሃ ሰው ወዳለበት ይወስዳል አልክ፤ ወሰደን» አሉኝ። ታረቅን ማለት ነው።

እሑድ

እሳቸው ቅዳሴ፣ እኔ አምልኮ አመለጠን። አቶ ደቻሳ ለጋሽ ወርቅነህ የራሳቸውን ቦቲ አልብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙን። በትክክለኛው ግድብ አራት ሰዓት ብቻ ፈጀብን። ዛፎቹን ወደ ኋላ ዞሬ ሳያቸው አሁንም አይርቁም። አቶ ተሾመ መኝታ ቤቱ በር ላይ በምርኩዝ ቆመው ጠበቁን።

ስንለያይ አቶ ደቻሳ እጄን ይዘው ቆዩ። «ለሁለተኛው ቀጠሮ ስትመጡ ውሃው ይጎድላል፤ መኪና ይገባል» አሉ። «ልጅቷን ይዛችሁ ኑ። የምትዘመደውን ቤት ትየው።» ከዚያ ስሟን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለአፋቸው አዲስ ሆኖባቸው እንደገና ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው፤ «ሶልያና» አሉ እሳቸውም፣ በደንብ።

ማታ ሳይመሽ ቁስቋም ደረስን። ዳገቱን ስወጣ እግሬ ሲወጣና ሲወርድ ያለበትን ስላወቀ ደስ አለው። ሳምሶን በብየዳ ቤቱ በር ላይ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። እናቱ ጋ ሳልሄድ እሱ ጋ ሄድኩ። ቤት ውስጥ የሆነውን ነገርኩት፤ መዋሸታችንንም፣ መናገሬንም፣ ተቀመጡ መባላችንንም። ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፈኝ ነበር። እሱ ግን ጓንቱን ከአንዱ እጁ አወለቀ፣ ከሌላውም አወለቀ።

«መምህር» አለኝ፣ «የልጄን ስም ጠየቁ?»

«ሁለት ጊዜ» አልኩት።